ቢጫ ቅጠል ብቻውን አይመሰክርም፦ የአኳሪየም ምክሮች ሐረር ሲደርሱ

አኳሪየማችሁ ውስጥ ያለው ተክል ቅጠሉ ቢጫ ሆነ እንበል። ሽሪምፖቹም ባለፈው ሳምንት አስራ ሁለት ነበሩ፤ ዛሬ ስትቆጥሯቸው ዘጠኝ ናቸው። ምን ታደርጋላችሁ? ብዙ ሰው ስልኩን ያወጣል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ሰንጠረዥ ያገኛል። በአንድ በኩል የታመመ ቅጠል ሥዕል፣ በሌላው በኩል የጎደለው ንጥረ ነገር ስም። ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን፣ ቀዳዳ ካወጣ ፖታሲየም፣ አዲሱ ቅጠል ከነጣ ብረት። ከሥሩ ደግሞ የሚገዛው ጠርሙስ ይከተላል። በቃ፣ አለቀ።

ዛሬ ሂስ የምጽፈው በዚህ ሰንጠረዥና ከጀርባው ባለው አስተሳሰብ ላይ ነው። ሂስ የሚገባው መጽሐፍና ፊልም ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ የምንከተለው ምክርም ይገባዋል። አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሰንጠረዡ ውሸታም አይደለም፤ ግን ቅጠሉን ብቻ እያየ ውሃውን አይጠይቅም። ውሃውን ያልጠየቀ ምክር ደግሞ ሐረር ሲደርስ በቀላሉ ይሳሳታል። ለምን እንደሚሳሳት ከገባን፣ ከሁለት ጀሪካን ውሃ የምንማረው ነገር እስከ ሐረማያ ሐይቅ ድረስ ይወስደናል።

ሰንጠረዡ የሚያውቀው ነገር

መጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። ሰንጠረዡ እውነተኛ ሳይንስ ላይ የቆመ ነው። ተክል አንዳንዱን ንጥረ ነገር ከአሮጌ ቅጠል አውጥቶ ወደ አዲሱ ማዛወር ይችላል። ናይትሮጅን፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም እንዲህ ይዛወራሉ። ስለዚህ እነዚህ ሲያጥሩ ቀድሞ የሚጎዳው አሮጌው ቅጠል ነው፤ ልክ ችግር ሲመጣ ወላጅ ከአፉ ነጥቆ ለልጁ እንደሚሰጠው። ብረትና ካልሲየም ግን አንዴ ቅጠል ውስጥ ከገቡ በቀላሉ አይንቀሳቀሱም። እነሱ ሲያጥሩ የሚጎዳው አዲሱ ቅጠል ነው።

ይህ በጣም ጠቃሚ እውቀት ነው። "ቅጠሉ ምን ዓይነት ቀለም አለው?" ከማለታችሁ በፊት "የትኛው ቅጠል ነው የታመመው፣ የላዩ ወይስ የታቹ?" ብላችሁ ጠይቁ። ይሄ አንድ ጥያቄ ብቻ የተጠርጣሪዎቹን ቁጥር በግማሽ ይቀንሰዋል።

ችግሩ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ሰንጠረዡ "ብረት ጎድሏል" ሲል እኛ የምንሰማው "ብረት ጨምር" የሚል ነው። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ውሃው ውስጥ ብረት ሞልቶ ተክሉ ግን ሊወስደው የማይችልበት ጊዜ አለ። የውሃው ፒኤች ከፍ ሲል የሟሟ ብረት ዝገት ሆኖ ይዘቅጣል። ለዚህ ነው የማዳበሪያ አምራቾች ብረቱን እንዳይዘቅጥ በሚይዝ ኬሚካል የሚያስሩት። በብዛት የሚገኘው ኢዲቲኤ የተባለው ማሰሪያ ፒኤች 7ን ሲያልፍ እየደከመ ይሄዳል፤ ዲቲፒኤ የተባለው ትንሽ ገፋ አድርጎ እስከ 7.5 ገደማ ይቆያል። እንግዲህ የእናንተ ውሃ 8 ከሆነስ? የመጀመሪያው ጠርሙስ አልሠራ ሲል ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን ትገዛላችሁ። ገበሬዎችም ይህን ችግር ያውቁታል። ኖራ በበዛበት አፈር ላይ የተተከለ ብርቱካን፣ አፈሩ ውስጥ ብረት እያለ አዲሱ ቅጠሉ ይነጣል።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። ለአኳሪየም የሚሸጡ ብዙ ተክሎች የሚያድጉት ከውሃ ውጪ፣ እርጥብ አየር ውስጥ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገቡ የአየር ላይ ቅጠላቸውን ይጥሉና ሌላ ዓይነት ቅጠል ያወጣሉ። ክሪፕቶኮሪን የሚባለው ተክል በዚህ ይታወቃል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ሊሟሟ ይችላል። ሥሩ ግን ደህና ነው፤ ከሳምንታት በኋላ ያቆጠቁጣል። ሰንጠረዡ ይህን ተክል ቢያይ ሦስት በሽታ ያወጣለታል። ትክክለኛው መድኃኒት ግን መጠበቅ ብቻ ነበር።

የሐረር ውሃ ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ሐረር ውስጥ ቧንቧ ስትከፍቱ የሚመጣው ውሃ ብዙውን ጊዜ ረጅም መንገድ ተጉዟል። ከድሬዳዋ አካባቢ ካሉ ጥልቅ ጉድጓዶች በፓምፕ ተገፍቶ ተራራውን ወጥቶ ነው የሚደርሰው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ሐረር ከ1800 ሜትር በላይ ናት። የድሬዳዋ አካባቢ ከርሰ ምድር ደግሞ በኖራ ድንጋይ የታወቀ ነው። ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ባይካርቦኔት እያሟሟ ይሄዳል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ ያለውን ውሃ "ኖራማ ውሃ" እንበለው።

ኖራማ መሆኑን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን ተመልከቱ፤ የተጋገረው ነጭ ነገር እሱ ነው። ሎሚ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ካርቦኔት ነው። ሳሙና አልአረፍ ብሎ ካስቸገራችሁም ያው ምልክቱ ነው። ድንጋይም በዚሁ ዘዴ ይመረመራል። ለአኳሪየማችሁ ጌጥ ከደጅ ድንጋይ ስትለቅሙ መጀመሪያ ሎሚ አንጠባጥቡበት። የሚፈላ ከሆነ ውሃችሁን ይበልጥ ኖራማ ያደርገዋል። የጀጎል ግንብ ራሱ የተሠራበት ሃሺ የሚባለው የአካባቢው ድንጋይ ካልሲየም ያለበት ነው። (ኧረ ከግንቡ እንዳትነቅሉ! እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው።)

ኖራማ ውሃ መጥፎ ውሃ አይደለም። ለሽሪምፕ ቅርፊት ካልሲየም ያስፈልጋል፤ ቀይ ቼሪ የሚባለው የተለመደው ሽሪምፕ መጠነኛ ኖራማ ውሃ ይስማማዋል። ቫሊስኔሪያ የሚባለው እንደ ሣር የሚረዝም ተክል ደግሞ ካርቦን ከባይካርቦኔት መውሰድ ይችላል፤ ማለትም ሌላውን ተክል የሚያስቸግረው ውሃ ለእሱ ምግብ ነው። ስለዚህ ጥያቄው "ውሃዬን እንዴት ልቀይር?" ብቻ አይደለም። "ከውሃዬ ጋር የሚስማማው ማነው?" የሚለው ይቀድማል። ሰንጠረዡ ይህን ጥያቄ በጭራሽ አያነሳም፤ ምክንያቱም መልሱ ጠርሙስ ውስጥ የለም።

ውሃው ቤት ከደረሰ በኋላም ታሪኩ አላለቀም። በየቀኑ ስለማይመጣ በሮቶ፣ በበርሜልና በጀሪካን ይጠራቀማል። ክፍት በርሜል ውስጥ አንድ ቀን ያደረ ውሃ ክሎሪኑ አብዛኛው ይተናል፤ ይሄ ለአኳሪየም ጥሩ ዜና ነው። ግን እናታችሁ ለመጠጥ ብለው ጀሪካኑ ውስጥ ውሃ አጋር ጨምረው ከሆነስ? ለሰው ጤና የሚጠቅመው ያው ክሎሪን ለሽሪምፕና ለፊልተሩ ባክቴሪያ መርዝ ነው። ከውጭ የተጻፈ የትኛውም ምክር "ከየትኛው ጀሪካን ቀዳህ?" ብሎ አይጠይቃችሁም። ይህን ጥያቄ የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ።

ባሕር ዳርቻ ላይ የተጻፈ ቁጥር

ምክሮቹ ውስጥ ያሉ ቁጥሮችም አድራሻ አላቸው። በብዛት የተጻፉት ለባሕር ጠለል ቅርብ በሆኑ ከተሞች ለሚኖሩ፣ ቧንቧቸው ሃያ አራት ሰዓት ለሚፈስላቸው፣ መብራታቸው ለማይቆራረጥባቸው ሰዎች ነው። ሁለት ምሳሌ ላሳያችሁ።

አንደኛው ኦክስጅን ነው። ሐረር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው። ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አንድ ሊትር ውሃ በባሕር ጠለል 8.2 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ ሐረር ላይ 6.6 ገደማ ነው የሚይዘው። ስለዚህ "ለ40 ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ይበቃል" የሚለው ቁጥር እዚህ ሲደርስ ለጋስ ይሆናል። በዚህ ላይ ሌሊቱን አስቡት። ተክል ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እሱም እንደ እንስሳቱ ይተነፍሳል። በስኳርና በእርሾ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምታመርቱበት ጠርሙስ ካላችሁ እሱ ሌሊቱን ሙሉ ማምረቱን አያቆምም። መብራት ጠፍቶ የአየር ፓምፑም ከቆመ ጠዋት የምታገኙት የሞተ ሽሪምፕ የብረት እጥረት የለበትም።

ሁለተኛው አሞኒያ ነው። የእንስሳቱ ቆሻሻና የበሰበሰ ምግብ አሞኒያ ይለቃል። አሞኒያ ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይኖራል፤ አንዱ ብዙም የማይጎዳ፣ አንዱ ገዳይ። ማን እንደሚበዛ የሚወስነው በዋናነት ፒኤች ነው። 25 ዲግሪ ላይ ፒኤች 7 ሲሆን ገዳዩ መልክ ከጠቅላላው 0.6 በመቶ ገደማ ነው። ፒኤች 8 ሲሆን ግን 5.4 በመቶ ገደማ ይሆናል። ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው! ለስላሳ ውሃ ላለው ሰው "ትንሽ አሞኒያ ቢኖር አይጎዳም" የሚለው ምክር ኖራማ ውሃ ላለው ሰው አደጋ ነው።

አሞኒያን የሚያስወግዱት በፊልተሩና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ቡድን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይቀይራል። አዲስ አኳሪየም ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ሽሪምፕ ሲሞት የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን ልጨምር?" ሳይሆን "አኳሪየሙ ስንት ሳምንቱ ነው?" መሆን ነበረበት። ደግሞም እነዚህ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ይፈልጋሉ። የተዘጋ ፊልተር መብራት ጠፍቶ ለሰዓታት ከቆመ ውስጡ ያሉት መሞት ይጀምራሉ። መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት ውድ ከሆነው የተዘጋ ፊልተር ይልቅ ተራ የስፖንጅ ፊልተርና ብዙ ተክል ይሻላል።

ሽሪምፑ የሚነግረን

ሽሪምፕ የነፍሳት ዘመድ ነው። ይህን አንድ ነገር ብታስታውሱ ብዙ ሞት ታስቀራላችሁ። ነፍሳትን የሚገድል ነገር ሽሪምፕንም ይገድላል። አኳሪየሙ ባለበት ክፍል ለወባ ትንኝ ወይም ለትኋን ፍሊት ከተነፋ፣ በጣም ትንሽ ጠብታ ውሃው ላይ ብታርፍ እንኳ ዓሦቹ ደህና ሆነው ሽሪምፖቹ በሙሉ ሊያልቁ ይችላሉ። መዳብም እንዲሁ ነው። የሚገርመው ሽሪምፕ ራሱ መዳብ ያስፈልገዋል፤ የእኛ ደም ኦክስጅን የሚሸከመው በብረት ሲሆን የእሱ በመዳብ ነው። ግን የሚያስፈልገው እጅግ ጥቂት ነው፤ ትንሽ ሲበዛ ይገድለዋል። መዳብ ደግሞ በአንዳንድ የዓሣ መድኃኒቶችና በአንዳንድ ፀረ ሻጋታ ኬሚካሎች ውስጥ አለ። ከእርሻ ቦይ ወይም ከችግኝ ጣቢያ ያመጣችሁትን ተክል ሳታጥቡና ለቀናት በተለየ ባልዲ ሳታቆዩ አታስገቡ።

ስለዚህ ሽሪምፕ ሲሞት ሬሳውን ከማየት ይልቅ ሰዓቱን ማየት ይሻላል። የሞቱ ጊዜ ስለ ምክንያቱ ብዙ ይናገራል።

ሁሉም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካለቁ መርዝን ጠርጥሩ፤ ፍሊት፣ መዳብ፣ ክሎሪን።

ንጋት ላይ ብቻ የሚሞቱ ከሆነና ጠዋት ወደ ውሃው ወለል ተጠግተው ካገኛችኋቸው ኦክስጅንን ጠርጥሩ።

ውሃ በቀየራችሁ ማግስት ከሆነ ለውጡ ድንገተኛ ነበር ማለት ነው። ሽሪምፕ የሚያድገው ቅርፊቱን እየጣለ ነው፤ የውሃው ይዘት በአንድ ጊዜ በጣም ሲቀየር ያለጊዜው ቅርፊት ለመጣል ሊገደድና መሃል ላይ ተቀርቅሮ ሊሞት ይችላል። መፍትሔው ትንሽ በትንሹ መቀየር ነው።

በየጥቂት ቀኑ አንድ እየሞተ ከሆነ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ነገር አለ፤ ወይም ደግሞ በቃ አርጅተዋል። ቀይ ቼሪ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ቢኖር ነው።

እነዚህ ፍርዶች አይደሉም፤ ምርመራ የሚጀመርባቸው ቦታዎች ናቸው። ግን ልዩነቱን አያችሁት? ከሰንጠረዡ የሚለዩት "ምን ይመስላል?" ሳይሆን "መቼ ሆነ? ከዚያ በፊት ምን ተቀየረ?" ብለው በመጠየቃቸው ነው።

የገቢና የወጪ ሂሳብ

የምማረው ምህንድስና ስለሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ አኳሪየማችሁን እንደ ሱቅ ደብተር ተመልከቱት። የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። በቃ።

40 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አለ እንበል፤ ሁለት ጀሪካን ማለት ነው። በደረቁ ወራት በሳምንት 4 ሊትር ይተናል እንበል። እናንተ የጎደለውን በቧንቧ ውሃ ትሞላላችሁ። የተነነው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ኖራው አብሮት አይተንም። የጨመራችሁት ግን ኖራ ይዟል። በየሳምንቱ 4 ሊትር ውሃ የሚይዘውን ኖራ ጨመራችሁ፤ ምንም አላወጣችሁም። በአስር ሳምንት የጨመራችሁት 40 ሊትር ሆነ። ስለዚህ አኳሪየሙ ውስጥ ያለው ኖራ ከጀመራችሁበት እጥፍ ሆኗል። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ልኩም ያው ነው፤ ግን ሌላ ውሃ ነው። ተክሉ ቢነጣ ምን ይገርማል?

ያው ሂሳብ "በየሳምንቱ ግማሹን ቀይሩ" የሚለውን ዝነኛ ምክርም ያስረዳል። ግማሹን በየሳምንቱ ከቀየራችሁ የምትጨምሩት ማዳበሪያ ምንም ቢሆን ከሳምንቱ መጠን ሁለት እጥፍ በላይ ሊጠራቀም አይችልም። ሩቡን ብቻ ከቀየራችሁ ጣሪያው አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ምክሩ ምትሃት የለውም፤ ጣሪያ ማበጀት ነው። ውሃ በተራ በሚመጣበት ከተማ ግን በሳምንት አንድ ጀሪካን ለአኳሪየም ማፍሰስ ለቤተሰቡ ከባድ ነው፤ ሊከብድም ይገባል። ሂሳቡ ከገባችሁ ሌላ መንገድ ይታያችኋል። ወጪውን ማብዛት ካልቻላችሁ ገቢውን ቀንሱ። እንስሳት አሳንሱ፣ ምግብ ቀንሱ፣ ቶሎ የሚያድግ ተክል አብዙ፤ ያደገውን ቆርጣችሁ ባወጣችሁ ቁጥር ናይትሬቱን አብራችሁ አወጣችሁ ማለት ነው። የምታወጡትን ውሃ ደግሞ አትድፉት፤ ደጅ ላለው ጤና አዳም ማዳበሪያ ነው።

ለመሙያ የሚሆን ለስላሳ ውሃስ? ከሰማይ ይመጣል። ዝናብ ሲዘንብ ንጹሕ የፕላስቲክ ሳፋ ግቢ መሃል አስቀምጡ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ግን ለሽሪምፕ አትጠቀሙ፤ ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ነው፣ ዚንክ ደግሞ ለእነሱ መርዝ ነው። ግማሽ ዝናብ፣ ግማሽ ቧንቧ ብትቀላቅሉ ኖራው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ይህን ለማስላት የሚያስፈልገው የሦስተኛ ክፍል ሂሳብ ነው።

ሐረማያ፦ ትልቁ አኳሪየም

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ስትሄዱ መንገዱ በሐረማያ ሐይቅ አጠገብ ያልፋል። ይህ ሐይቅ ለብዙ ዓመታት ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ግን ደረቀ። ሐይቅ የነበረው ሜዳ ሆነ፤ ከተማዋም ከባድ የውሃ ችግር ውስጥ ገባች። ከድሬዳዋ አካባቢ የሚገፋው ውሃ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ውሃው ወደ ሐይቁ ተመልሶ ብዙዎችን አስደስቷል።

"ሐይቁ ለምን ደረቀ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ አጭር ነው፤ "ጫት ጠጣው።" ይህ መልስ የቢጫ ቅጠሉ ሰንጠረዥ ወንድም ነው። አንድ ምልክት፣ አንድ ጥፋተኛ። ሙሉ ውሸት አይደለም፤ በዙሪያው ለጫትና ለአትክልት መስኖ ብዙ ውሃ በፓምፕ ይሳብ ነበር። ግን የሱቁን ደብተር ክፈቱ። ገቢው ዝናብ፣ ከኮረብታው የሚወርድ ጎርፍና የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ወጪው መስኖው፣ የከተማው ፓምፕና ትነቱ ነው። ሳህኑ ራሱም ተቀይሯል፤ ከተራቆተው ኮረብታ የሚታጠበው አፈር ሐይቁን ይሞላው ነበር። ደለል የሞላው ሐይቅ ጥልቀት አጥቶ ይሰፋል፤ ያው መጠን ያለው ውሃ በጥልቅ ጉድጓድ ካለ ይልቅ በሰፊ ትሪ ላይ ሲሆን ቶሎ ይተናል። እንግዲህ ጥፋተኛው ማነው? ገበሬው ብቻ ነው? ከቧንቧው የጠጣው የከተማው ሰውስ? ኮረብታውን ያራቆተውስ?

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። መፍትሔው የሚወሰነው በምርመራው ነው። "ጫት ጠጣው" ካልን ፓምፕ እንከለክላለን፤ ደለሉ ግን መግባቱን ይቀጥላል። ደብተሩን ካየን እርከንና ዛፍ፣ ቆጣቢ መስኖ፣ የከተማ ብክነት፣ ሁሉም በየድርሻቸው ይታዩናል። ሐይቁ ሁለተኛ ዕድል አግኝቷል፤ ሁለተኛ ዕድል ደግሞ በተሳሳተ ምርመራ መባከን የለበትም።

ታዲያ እንዴት እንመርምር?

ጥሩ ምርመራ ምን እንደሚመስል ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ።

ሮበርት ዋሪንግተን የሚባል እንግሊዛዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1849 ሁለት ዓሦችና ቫሊስኔሪያ በአንድ ዕቃ ውስጥ አኖረ። ተክሉ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ዓሦቹ ይተነፍሱታል፤ ሂሳቡ ሚዛናዊ ይመስል ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን አሮጌው ቅጠል እየበሰበሰ ውሃው ደፈረሰ። ሰውየው ውሃው ላይ ሌላ ነገር ከማፍሰስ ይልቅ "የበሰበሰው ቅጠል የሚወጣበት በር የለውም" ብሎ አሰበ። ቀንድ አውጣዎች ጨመረ፤ የበሰበሰውን በሉት፤ ውሃው ጠራ። ያገኘውን ውጤት ለኬሚስቶች ማኅበር አቀረበ። ያየው ቅጠሉን ብቻ አልነበረም፤ የጎደለውን የወጪ መስመር ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ካናዳ ነው። ኦንታሪዮ ውስጥ ሐይቆች በአልጌ አረንጓዴ የሚሆኑት በምን ምክንያት ነው የሚል ትልቅ ክርክር ነበር። ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ሐይቅ 226 የሚባለውን ትንሽ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። ለሁለቱም ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ፤ ለአንዱ ወገን ብቻ ፎስፈረስ ጨመሩለት። ፎስፈረስ ያገኘው ግማሽ አረንጓዴ ሆነ፤ ሌላው እንደነበረ ቀረ። ከአየር ላይ የተነሳው ፎቶ ክርክሩን ከብዙ ገጽ ጽሑፍ በላይ አሳመነ። ምሥጢሩ መጋረጃው ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ተቀይሯል፣ ሌላው ሁሉ እኩል ነው።

እናንተም መጋረጃ አላችሁ። ሁለት ባዶ የጃም ብርጭቆ ውሰዱ። ሁለቱንም ከአኳሪየማችሁ ውሃ ሙሉ፤ ከአንድ ተክል የተቆረጡ ሁለት እኩል ዘለላዎች አስገቡ፤ አንድ መስኮት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡ። በአንዱ ላይ የጠረጠራችሁትን አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ብረት ጨምሩ፣ ወይም ግማሹን በዝናብ ውሃ ተኩ። ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቁ። አሮጌውን ቅጠል አትዩ፤ የተጎዳ ቅጠል አይድንም። የምትፈርዱት በአዲሱ ቅጠል ነው። ደብተር ያዙና ቀኑን፣ የቀዳችሁበትን ዕቃ፣ የጨመራችሁትን፣ የሞተውን ጻፉ። ሦስት ጠርሙስ በአንድ ቀን የጨመረ ሰው ተክሉ ቢድንለት እንኳ በምን እንደዳነ አያውቅም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። የወጪ መስመሩ ከቤታችሁ ደጅ ላይ አያበቃም። ከአኳሪየም የቆረጣችሁትን ተክል፣ የተረፋችሁን ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ወደ ሐረማያም ሆነ ወደ የትኛውም ወንዝ አትጣሉ። ቀይ ቼሪ የምሥራቅ እስያ እንስሳ ነው፤ እዚህ ማን እንደሚበላው፣ ማንን እንደሚያፈናቅል ማንም አልሞከረውም። እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው በአበባው ውበት ተወድዶ፣ ለጌጥ ሲባል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ታይቶ ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ሰው በእጁ ሲነቅለው እንደከረመ ታውቃላችሁ። የተቆረጠውን ተክል ፀሐይ ላይ አድርቁትና ለጤና አዳሙ ሥር አድርጉት። ከዚያ ደብተራችሁ ላይ፣ ወጪ በሚለው በኩል ጻፉት።